አያ ይማም የዘረጋው ሲባጎ

ዛሬ ጠዋት ከሲሚንቶ ከረጢት ጋር ሰላምታ ተለዋወጥኩ። ተለዋወጥኩ ማለቴ እንኳ ለራሴ ማዳላት ነው፤ ሰላምታውን የሰጠሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በአሮጌው ደብራችን ቅጥር ሥር፣ አውራ ጎዳናው ወገቡን ከሚያጥፍበት ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ብሎ አየሁ። ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰውን የምለየው በአቀማመጡ ነው። እንደምን አደርክ አልኩት፤ ዝም። የልጆቹን ደኅንነት ጠየቅኩ፣ የማሽላውን ነገር ጠየቅኩ፤ ዝም። በመጨረሻ ተናደድኩና፣ ሽማግሌ ቆሞ ሲያናግርህ ብድግ የማትል ማን ነው ያሳደገህ ብዬ በከዘራዬ ጎኑን ጎነጥ ሳደርገው ጎኑ ተቀደደ። ግራጫ ዱቄት ጫማዬ ላይ ተዘረገፈ። ሸራ የለበሱ ከረጢቶች ነበሩ። ባለፈው ጦርነት የተሸነቆረውን ግንብ የሚጠግኑት ወጣቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንድ የባጃጅ ነጂ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ ሳቀ። እኔ ሰው ሲስቅብኝ አልከፋም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ማሳቅ የቀረችኝ ብቸኛ ሥራ ናት፤ ደመወዝ ባይኖራትም ጡረታ አታስወጣም።

ሳቁ ሲበርድ ነው ሽታው የመጣው። ልጆቹ ሲሚንቶ ብቻውን አሮጌ ድንጋይ አይይዝም ብለው ኖራ አምጥተው ነበርና፣ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ደረቅ ኖራ ላይ ውሃ ያፈሱበት ነበር። ኖራ ውሃ ሲነካው ይንጫጫል፣ ይፈላል፣ እንፋሎቱ አፍንጫን ከውስጥ ይልጣል። በቆቦ ፀሐይ ላይ ሲሆንማ ዓይንም አብሮ ያለቅሳል። ከልጆቹ አንዱ፣ አባባ ይህ ግንብ እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን ሆዱን ገፋ ብሎ ጠየቀኝ። አርግዞ ነው አልኩት። እንደገና ሳቁ። አፌ ሲቀልድ ግን ሆዴ አልቀለደም። ያ ሽታ ለእኔ የኖራ ብቻ አይደለም፤ የኖራና የደም ነው። አያ ይማም ነው።

አያ ይማም በልጅነቴ የቆቦ ግንበኛ ነበር። ከሮቢት እስከ ዋጃ በዚህ መንገድ ዳር ቆሞ ያልወደቀ አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ካያችሁ፣ ወይ የእሱ ነው ወይ ከእሱ የተማረ ሰው ሥራ ነው። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ነጭ ቆቡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጆሮው ያዘነበለ ሰው ነበር። ድንጋይ ሲጠርብ ያዋራዋል፤ እምቢ ያለውን ይሰድበዋል፣ እሺ ያለውን ይመርቀዋል። እኛን ልጆቹን ሲያየን ደግሞ፣ ኑ ወዲህ፣ ከእናንተ ራስ የሚጠነክር ድንጋይ አጣሁ ይለን ነበር። የእኔን ራስ አንድ ቀን በመዶሻው እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገና፣ ይህስ ባዶ ነው፣ በድንጋይ መሐል ለሙሊት ይሆናል አለ። ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ይግባኝ አልጠየቅኩበትም።

ደብሩን ማን እንደ ተከለው ብትጠይቁ ሦስት ቄስ አራት መልስ ይሰጣችኋል። አንድ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር መቃጠሉ ነው። መጀመሪያ የሣር ክዳን ሳለ ዘማች መጥቶ አቃጠለው ይላሉ፤ ኋላም በጣልያን ጊዜ ከሰማይ የወረደ ቦምብ ግቢው ውስጥ ፈነዳ። ስለዚህ እኔ ያወቅሁት ቤተ ክርስቲያን የጠባሳ ክምችት ነበር። ክብ ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ከዚያ ቅድስቱ፣ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። ክዳኑን የተሸከሙት የወይራ ምሰሶዎች በአንድ ጎናቸው ከስለው ስለነበር ተደግፎ ያስቀደሰ ሰው ጀርባው ጠቁሮ ይወጣል። የምዕራቡ በር ላይ የመጥረቢያ ምልክት አለ፤ ማን እንደ መታው አይታወቅም፣ ለመግባት ይሁን ለመውጣትም አይታወቅም። ግድግዳው ድንጋይና በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው፤ ውፍረቱ የሰው ክንድ ተዘርግቶ አይሞላውም። በውጭ ሙቀቱ ግመል ሲያንበረክክ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። እኛም ፊደል የምንቆጥረው በዚያ ጥላ ሥር ነበር፤ ቀዝቃዛነቱ ግን ለእኛ አልተረፈንም፤ የኔታ አለንጋቸውን ይዘው በጀርባችን ላይ እሳት ያነዱ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚዞረው እንደ ወንፊት ክብ የሆነው ቅጥር ነው። ያ ቅጥር ለእኛ አገር አጥር ብቻ አልነበረም። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሮጦ ከውስጡ ከገባ አይነካም። ይህን ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብረዋል፤ የጠጣም የተጣላም ያከብረዋል። ከቅጥሩ አንድ እርምጃ ከወጣ ግን ደመኛው ይጠብቀዋል።

በእኔ ልጅነት ከዚያ ቅጥር ውስጥ የሚኖረው ነፍሰ ገዳይ አራጌ ይባላል። የገደለው አሊን ነው፤ የአያ ይማምን ታናሽ ወንድም።

ነገሩ የውሃ ነው። ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ይወርድና ለእኛ ለቆላዎቹ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ገበሬው ዶማውን ይዞ ወጥቶ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል፤ የቀደመ ያጠጣል፣ የዘገየ ያያል። አሊና አራጌ ጎን ለጎን አራሾች ነበሩ። ጎርፉ የመጣ ዕለት አሊ ቦዩን ዘጋ፣ አራጌ ከፈተ፣ አሊ ዘጋ። አራጌ በሁለተኛው ዶማውን ያሳረፈው ጭቃው ላይ አልነበረም። የአሊ ሬሳ ከማሳው በታች ማሽላ አገዳ አቅፎ ተገኘ። በዚያ ዓመት ያ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ አደገ፤ የበላው ግን አልነበረም፤ ወፍ ጨረሰው።

አራጌ ታሰረ፣ ደሴ ወህኒ ወርዶ ቅጣቱን ጨረሰ። መንግሥት የራሱን ሒሳብ ዘጋ፤ የሟች ቤት ግን ከመንግሥት ጋር ሒሳብ የለውም። ስለዚህ የተፈታ ዕለት ከአውቶቡስ እንደ ወረደ ሮጦ ደብሩ ገባና የድንጋዩን ደወል አቅፎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። በምሥራቅ በኩል ቅጥሩን ተደግፋ የቆመች አንዲት ጎጆ ሰጡት። ግቢ ይጠርጋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እኛን ልጆቹን በድንጋይ ያባርረናል። ትይዩው ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ደግሞ ከዋጃ የመጣው የአያ ይማም የአጎት ልጅ፣ ሁሴን፣ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። ሁሴን በሩን ያያል፣ አራጌ ሁሴንን ያያል፣ እኛ ሁለቱንም እናያለን። ቲያትር ቤት በሌለበት አገር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አያ ይማም ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የወንድሙ ደም ሳይመለስ ፀጉሬን አልላጭም ብሎ ስለማለ፣ ፀጉሩ ከቆቡ ሥር ሞልቶ ትከሻው ላይ ወድቆ፣ ኖራው አንጥቶት የሽማግሌ መስሎ ነበር። ሰው ደሙን መቼ ይመልሳል እያለ ይጠብቅ ነበር። ሴቶቹ ጉድጓድ ሲወርዱ በዘፈን ይሸነቁጡታል። እናቱ እማማ ዘሀራ ከማንም ትብሳለች፤ አንድ ጁምዓ መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ በጎረቤት እጅ ላከችለት። ወንድምህ ውሃ ዳር ወደቀ፣ አንተ ጭቃ ዳር ትጫወታለህ፣ እንግዲያው ይህን ታጠቅ ማለቷ ነው። በራያ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አያ ይማም መቀነቱን ተቀበለ፤ ሰው ሁሉ እያየው ታጠቀው። ከዚያም ግንብ የሚያቃናበትን ቱንቢውን አንጠለጠለበትና ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ መቀነቱ አይሠራም ነበር።

መንገዱን የሚያሰፉት ሰዎች በዚያ ዓመት መጡ። አውራ ጎዳናው ከደብሩ በምሥራቅ በኩል ስለሚያልፍ ከግቢው ሰፋ ያለ ቁራጭ ይወስዳል ተባለ። ቅጥሩ ይፈርስና ወደ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ችካሉን ሲተክሉ የአራጌ ጎጆ ከችካሉ ውጪ ቀረች። ክብ ግንብ ጠምዝዞ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከአያ ይማም በቀር በአካባቢው አልነበረም።

ካህናቱ ብቻቸውን ሊጠይቁት ፈሩ። የአገሩን አስታራቂ፣ አበጋሩን፣ ይዘው ሄዱ። አባቴ አብሮ ሄዶ ስለነበር ማታ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። አያ ይማም ቡናውን አስቀምጦ አዳመጠ፤ ሥራውን እሠራለሁ አለ። አበጋሩ እንግዲያው ማል አሉት። ማለ።

"ከቅጥሩ ውስጥ እጄን አላነሳበትም፣ ወላሂ። ከቅጥሩ ውጪ ግን የእኔ ነው።"

አበጋሩ በዚህ መሐላ ደስ ሳይላቸው ወጡ። ከተማው ሁሉ የገባው ነገር አንድ ነበር፦ ግንበኛው ወጥመዱን ራሱ ሊሠራ ነው።

አሮጌው ቅጥር የፈረሰው በገበያ ቀን ነው። የኔታ አልመጡም፤ ስለዚህ እኛ ተማሪዎቹ የጥበብ መጀመሪያ ዛፍ መውጣት ነው ብለን ግቢው ውስጥ ያለው ወይራ ላይ ወጣን። ግንቡ ሲወድቅ አቧራው ገበያውን ሸፈነው። ሲገለጥ ከአውራ ጎዳናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አንድ ሜዳ ሆኗል። ጎጆዋ ብቻዋን ቆማለች፣ በሯ ከውስጥ ተዘግቷል። ካህናቱ አራጌን ና ውጣ፣ ወደ ቤተልሔሙ እናሻግርህ ብለው ለመኑት። አራጌ አልወጣም። ግንብ ከሌለ ግቢው ሁሉ ሜዳ ነው፤ ሜዳውን ማን ያሻግረዋል?

ሁሴን ከበረንዳው ተነሣ። መንገዱን ሲሻገር ገበያው ከኋላው ዝም አለ፤ ግመሎቹ እንኳ ዝም ያሉ ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ እኔ ታሪክ ሳወራ ግመል ዝም ማሰኘት ልማዴ ቢሆን። አያ ይማም ጎንበስ ብሎ ሲባጎውን ከችካል ወደ ችካል ይዘረጋ ነበር። ሁሴን አጠገቡ ቆመ።

"ይማም፣ ግንቡ ወድቋል። ደምህ ፊትህ ነው።"

አያ ይማም ቀና አላለም። የመንገድ ሠራተኞቹ ችካል ጋ ደረሰ፤ ነቀለው። ሲባጎውን እየዘረጋ ወደ ውጪ ወጣ፣ በጎጆዋ ጀርባ ዞረ፣ ከወዲያ አዲስ ችካል አቆመና ሲባጎውን ጠመጠመበት። ጎጆዋ ከነጭ ክር ውስጥ ገባች። በጎኑ ያለው የኖራ ጉድጓድ ይፈላል።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለ ሁሴን።

"ግንብ።"

"ይኼ ሲባጎ ነው።"

"ከሲባጎ ያልጀመረ ግንብ አይተህ ታውቃለህ? ሲባጎው ከተዘረጋ ግንቡ ቆሟል፣ የአጎቴ ልጅ። ድንጋዩ ለዕውር ነው።"

ሁሴን መቀነቱን አየና ምራቁን ተፋ። እናትህ አውቃ ነው የላከችልህ አለው። ከዚያም ምንሽሩን አቀባበለና እግሩን አንሥቶ ሲባጎውን ተሻገረ።

መዶሻው ሲነሣ አላየሁም። ድምፁን ግን ሰማሁ፤ የደረቀ የማሽላ አገዳ በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰጠው ድምፅ ነው። የሁሴን ክንድ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ምንሽሩ ወድቆ ተተኮሰ፤ ጥይቱ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ በስቶ ገባ፤ ርግቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዱ። ሴቶች ጮኹ። በዚያ ጩኸት መሐል የጎጆዋ በር ተከፈተና አራጌ ገጀራ ይዞ ወጣ። ከውስጥ ሆኖ የሰማው ተኩስና ጩኸት ነው፤ በሩን ሲከፍት ያየው ደግሞ የአሊ ወንድም ደጁ ላይ መዶሻ ይዞ ቆሞ ነው። ሌላ ምን ያስብ? ገጀራውን በሁለት እጁ አንሥቶ አወረደው። አያ ይማም ግራ እጁን ከለላ አደረገ። ሁለት ጣቶቹ ተቆርጠው የኖራው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ፤ ነጩ ኖራ ሲፈላ ሮዝ ሆነ፤ ሽታው እላይ ዛፉ ድረስ መጣ።

ገጀራው ዳግመኛ ሊወርድ ነበር፤ አያ ይማም በትከሻው ገፍቶ አራጌን በጀርባው ጣለው። ገጀራው በረረ። አራጌ ተንፏቆ ተነሣና ተንበረከከ፤ አንገቱን ደፋ። አያ ይማም ከበላዩ ቆመ፤ ከግራ እጁ ደም ያንጠባጥባል፣ ቀኝ እጁ መዶሻውን ወደ ሰማይ አንሥቷል፣ ፀጉሩ ፊቱን ሸፍኖታል። እኔ ዛፉ ላይ ሱሪዬን አረጠብኩ፤ ከሥሬ የነበረው ጓደኛዬ፣ ዝናብ መጣ ብሎ ቀና አለ። ሌላ የተነቃነቀ ሰው አልነበረም።

"ውስጥ ነህ" አለ አያ ይማም። ትንፋሹ ተቆራርጧል። "አራጌ፣ ውስጥ ነህ።"

መዶሻውንም አወረደ፤ ከአራጌ ጉልበት አጠገብ የነበረውን ችካል መታ፣ ደገመ፣ እስኪጠልቅ መታው።

እማማ ዘሀራ ከገበያ ተጠርታ መጣች። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት። የሁሴንን ክንድ አየች፣ የተንበረከከውን አየች፣ የልጇን እጅ አነሣችና ጣት የጎደለበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየች። ካህናቱም አበጋሩም ምን ትል ይሆን ብለው ቆመዋል፤ የዚያ ሁሉ ሰው ሕይወት በእሷ አፍ ላይ ነበር፤ እሷ አልበቃኝም ብትል ገበያው ለሁለት ተከፍሎ ይተላለቅ ነበር።

"የልጄን ደም በልጄ እጅ ላይ አየሁት" አለች። "ሌላ አላይም። ምላጭ አምጡ።"

መቀነቱን ከወገቡ ፈትታ እጁን አሰረችበት። ከዚያ እዚያው ፍርስራሹ ላይ አስቀምጣ፣ በኖራ የነጣውን ፀጉሩን በገዛ እጇ ላጨችው። ሕፃን ሳለ ታደርገው እንደነበረ ሁሉ አንዳንዴ ራሱን በጥፊ መታ አድርጋ ቀጥ በል ትለው ነበር። ከዚያ በኋላ የአበጋሩ ሥራ ቀላል ሆነ፤ ደሙ ደረቀ ተባለ፣ ሁለቱም ወገን ተሳሳመ። የሁሴን ክንድ በወጌሻ ታሰረ፤ ልቡ ግን ከክንዱ በጣም ዘግይቶ ነው የገጠመው።

ግንቡን አያ ይማም በቀሩት ጣቶቹ ሠራው፤ በሲባጎው መስመር ላይ፣ ጎጆዋን ከውስጥ አድርጎ። የመንገዱ ኃላፊ መጥቶ ጮኸ፤ አያ ይማም ድንጋዩን ማዋራቱን ቀጠለ። በመጨረሻ መንገዱ ነው የታጠፈው። ዛሬም ሾፌሮች እዚያ ጋ ሲደርሱ ፍሬን ይዘው ይሳደባሉ።

አራጌ ግን አልወጣም። ደሙ ደርቋል ውጣ ቢሉት በር ድረስ ይመጣና አንድ እግሩን ወደ ውጪ ያደርጋል፤ ጥቂት ቆሞ እግሩን ይመልሳል። ልጆች ሆነን እንስቅበት ነበር። ኋላ አድጌ፣ አግብቼ፣ ሁለት ጊዜ ሥራ ከለቀቅሁ በኋላ ነው ያ እግር የገባኝ።

ከአያ ይማም ጋር በትልቅነቴ ነው የተወዳጀነው። ጎርፍ የቤቴን ግድግዳ ወስዶብኝ እሱ መልሶ አቆመልኝ። የድካሙን ልከፍለው ስል እምቢ አለ። "እኔ ያንን ቅጥር ሠራሁት፣ እስላም ነኝና ምን እንደ ከበብኩ ግን አላውቅም፤ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕል አለ ይላሉ፣ አንተ አፍህ አያርፍምና ንገረኝ፤ ለእጄ ሥራ የዓይን ሥራ ክፈለኝ" አለ። ከጁምዓ በኋላ በራፌ ላይ እየተቀመጥን ከፈልኩት። አንድ ጁምዓ የምዕራቡን ግድግዳ፣ እመቤታችንን ከነልጇ ነገርኩት። አንድ ጁምዓ የሰሜኑን፣ ፈረሰኞቹን ሰማዕታት፤ ፈረሶቹ ስንት ጥርስ እንዳላቸው ጠየቀኝ፣ ሄጄ ቆጥሬ መጣሁ። የደቡቡን ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ምሥራቁ ከመቅደሱ ጀርባ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ጧፍ ይዞ ካልገቡ አይታይም። ለሚመጣው ጁምዓ አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት።

ከዚያ ጁምዓ በፊት አንድ ቤት ሊያፈርስ ሮቢት ሄደ፤ ሌላ ሰው የሠራው ግድግዳ ነበር። ከሥሩ ሳለ ተደረመሰበት። ሲያወጡት ፊቱ የሚታወቅ አልነበረም፤ ያወቁት በግራ እጁ ነው።

ሬሳው በደብሩ ፊት ሲያልፍ በሩ ላይ አራጌ ቆሞ ነበር፤ አርጅቶ ጎብጧል። ቃሬዛው እዚያ ጋ ሲደርስ አንድ እግሩን አወጣ። ሁላችንም አየነው። ሁለተኛውን አወጣ። መጥቶ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ፤ ለእሱ ቦታ የለቀቀለት ሁሴን ነው። እስከ እስላሙ መቃብር ድረስ ተሸክሞ ሄደ፤ አፈር ሲመለስም በእጁ አለበሰ።

እኔም ተከትዬ ሄጄ ነበር። ያቺ የምሥራቅ ግድግዳ ዕዳ ግን እስከ ዛሬ አለችብኝ። ስንት ጊዜ ጧፍ ገዝቼ ገባሁ፤ አንዴ ጧፉን ነፋስ አጠፋብኝ፣ አንዴ ወሬ ያዘኝ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔ የለም። ወደ ወዲያኛው ዓለም ስሄድ ራሴ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ይሁንና የእሱ ጀነትና የእኔ ገነት ይገናኙ አይገናኙ እንደሆነ ቄሱም ሼኩም እስከ ዛሬ ቁርጡን አልነገሩኝም። ለማንኛውም የልጅ ልጄን ነገ ይዛኝ እንድትገባ ለምኛታለሁ። እሷ ታይልኛለች፣ እኔ በቃሌ እይዘዋለሁ። የአያ ይማም አንድ ግድግዳ ዕዳ አለብኝ።